የተከማቸ ሙዚቃ በቤት ዋይፋይ ማጫወት የኢንተርኔት ጥቅል አይበላም
በኮምፒውተር ወይም በሃርድ ዲስክ የተከማቸ ሙዚቃ በዋይፋይ ወደ ድምፅ ማጉያ ሲተላለፍ ጥቅል ይጨርሳል የሚለው እምነት ስህተት ነው። ፋይሉ ከማከማቻው ወደ ራውተሩ፣ ከዚያም ወደ ማጫወቻው ይሄዳል እንጂ ከቤት አይወጣም። የኢንተርኔት መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ ዘፈኑ ይቀጥላል።

የሚፈለገው ፍጥነትም ትንሽ ነው። ጥሩ ጥራት ያለው ኤምፒ3 በሴኮንድ 320 ኪሎቢት ይወስዳል፤ ያልታመቀ የሲዲ ድምፅ 1,411 ኪሎቢት ገደማ። ፍላክ የተባለው ዓይነት ከድምፁ ምንም ሳይጥል ከዚህ ያነሰ ይበቃዋል። ይህን አሮጌ ራውተርም አያቅተውም።

ስለዚህ ዘፈን ሲቆራረጥ ፋይሉን ማሳነስ ብዙም አይረዳም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የርቀት፣ የግድግዳ ወይም የጎረቤት ራውተሮች ሁሉ የሚሻሙበት የ2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድ ነው። 5 ጊጋኸርትዝ መጨናነቁ ይቀንስለታል፤ ወፍራም ግድግዳ ግን ያዳክመዋል። ሙዚቃው ያለበትን ኮምፒውተር ከራውተሩ ጋር በኬብል ማገናኘት የገመድ አልባውን ጉዞ በግማሽ ያሳጥረዋል።