ድንኳን፣ ኮራልና የልጅ ልጆች፦ የትኛው ደሴት ለየትኛው ቤተሰብ?

ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችን ለክረምት ሲመጡ የልጅ ልጆችን ላንጋኖ ወይም ሐዋሳ ይዞ መሄድ የተለመደ ነው። አሁን አሁን ግን የልጆቹ ጥያቄ ራቅ ብሏል። ሞቃት ደሴት ሄደን፣ ድንኳን ተክለን፣ ከባሕሩ ሥር ያለውን ዓሣና ኮራል እንይ ይላሉ። ስኖርክሊንግ የሚሉትም ይህንኑ ነው። የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ወደ ጥልቁ መውረድ ሳይሆን፣ የውሃ መነጽር አድርጎ በባሕሩ ላይ በደረት ተንሳፎ፣ በቱቦ እየተነፈሱ ቁልቁል ማየት ነው። ዛንዚባርም ሆነ ሲሸልስ ከአዲስ አበባ በአንድ በረራ ስለሚደረስባቸው አቅሙ ላለው ቤተሰብ ጥያቄው የማይቻል አይደለም።

በእኛም ቤት ይኸው ወሬ ከፋሲካ ጀምሮ አልተቋረጠም። ሜሪላንድ የምትኖረው ልጄ የ11 ዓመት ወንድ ልጇንና የ6 ዓመት ሴት ልጇን ይዛ ነሐሴ ላይ ትመጣለች። ወንዱ አስም አለበት። ባለቤቴ የስኳር ሕመምተኛ ነው፤ ኢንሱሊን ይወጋል። እኔም የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። ልጄ በስልክ የምትልክልን የደሴት ፎቶ ሁሉ ያምራል። እኔ ግን ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት፣ አብዛኛውንም በቆላ ጤና ጣቢያ የሠራሁ ነኝና ከፎቶው በፊት የሚመጣብኝ ጥያቄ ሌላ ነው። ከመካከላችን በጤናው ደካማው ማን ነው? እሱ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቢታመም የት እናደርሰዋለን?

ደሴት የሚመረጠው ከዚህ ተነስቶ ነው ብዬ አምናለሁ። ኮራሉም ድንኳኑም ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። በእነዚህ ወራት ያጣራሁትን ለእናንተም ላካፍል።

በመጀመሪያ የወባ ነገር

አዲስ አበባ ያደገ ሰው፣ አሜሪካ ያደገም ልጅ፣ ሰውነቱ ወባን አያውቃትም። ስትይዘው ቶሎ ታከብድበታለች። ስለዚህ ደሴቶቹን በመጀመሪያ በወባ ለይቼ አስቀመጥኳቸው። በሲሸልስ ወባ አይተላለፍም። ዛንዚባር በብዙ ዓመት ሥራ ወባን በእጅጉ ቀንሳለች፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። በታንዛኒያዋ ማፊያ ደሴት፣ በኮሞሮስና በማዳጋስካር ወባ አለ።

እዚህ ላይ ድንኳን የራሱ ጣጣ አለው። የወባ ትንኝ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ሆቴል ያደረ ሰው በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ ነው፤ ድንኳን ያደረ ግን ውጭ እራቱን ይበላል፣ ኮከብ ይቆጥራል። ወባ ባለበት ደሴት ድንኳን የምትተክሉ ከሆነ መረቡ ያልተቀደደ፣ ዚፑ እስከ ታች የሚዘጋ ይሁን። ሲመሽ ረጅም እጅጌና ረጅም ሱሪ ልበሱ፤ የትንኝ መከላከያ ቅባት አትርሱ። የወባ መከላከያ ኪኒንም አለ። እንደ ዓይነቱ ከጉዞው ቀናት ወይም ሳምንታት ቀደም ብሎ ይጀመራል፤ አንዳንዱ ከተመለሱም በኋላ እስከ 4 ሳምንት ይቀጥላል። የትኛው ለማን እንደሚሆን ሐኪም ይወስን፤ ከጎረቤት ተቀብላችሁ አትዋጡ። ነፍሰ ጡር ወይም ከ5 ዓመት በታች ሕፃን ካለ፣ ወባ ያለበትን ደሴት ለሌላ ዓመት ማቆየት ይሻላል። ከተመለሳችሁ ከሳምንታት በኋላም ቢሆን ትኩሳት ቢመጣ በዚያው ቀን ደም አስመርምሩ፤ የት እንደነበራችሁም ለሐኪሙ ንገሩ።

ቢጫ ወባ ደግሞ ሌላ በሽታ ነው፤ በስም አይምታታባችሁ። ታንዛኒያም ሲሸልስም ከኢትዮጵያ የሚመጣን ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠይቃሉ። ልጆቹ ከአሜሪካ ቢነሱም አዲስ አበባ ሰንብተው ስለሚሄዱ ለእነሱም ያስፈልጋል። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ከ2016 ጀምሮ ካርዱ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ በወጣትነታችሁ ተከትባችሁ ካርዱ ካለ በደንብ አስቀምጡት። ዕድሜያችሁ ከ60 በላይ ሆኖ ከዚህ በፊት ካልተከተባችሁ ግን ዝም ብላችሁ ክንዳችሁን አትስጡ። በዚህ ዕድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወሰድ ከባድ የጎን ችግር የማስከተል ዕድሉ ከወጣቶች ከፍ ይላል፤ መጀመሪያ ሐኪም አማክሩ። ከ9 ወር በታች ላለ ሕፃንም ክትባቱ በመደበኛነት አይሰጥም።

ድንኳን የት ይተከላል?

ብዙዎች የሚያስቡት የባሕር ዳር ሁሉ ድንኳን እንደሚቀበል ነው። አይደለም። ሲሸልስ 115 ያህል ደሴቶች አሏት፤ ተፈጥሮዋ የታወቀ ነው፤ በባሕር ዳሯ ድንኳን ተክሎ ማደር ግን ክልክል ነው። ማደሪያችሁ ሆቴል ወይም የእንግዳ ማረፊያ ነው። ቀን ቀን ግን የልጆችን ዓይን የሚሞላ ነገር አለ። በኩሪዩስ ደሴት ግዙፍ የየብስ ኤሊዎች እንደ ከብት ሲግጡ ይታያሉ። ከማሄ አጠገብ ያለው የሳንት አን የባሕር ፓርክም ከ1973 ጀምሮ የተጠበቀ ነው።

በዛንዚባር ከተማ በስተ ደቡብ ያለችው ትንሿ ቹምቤ ደሴት ሌላ ዓይነት ናት። ኮራሏ ከ1994 ጀምሮ ዓሣ እንዳይጠመድበት ተከልሏል፤ ከ400 በላይ የዓሣ ዝርያ ይገኝበታል። ድንኳን የለም፤ በምትኩ የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅሙ፣ ፊታቸው ለባሕሩ ክፍት የሆነ 7 ጎጆዎች አሉ። ሌሊት ጫካው ውስጥ በዓለም ላይ በየብስ ከሚኖሩ ሸርጣኖች ሁሉ ትልቁ ይንጎራደዳል። ዋጋው ቀላል አይደለም፤ ቦታ ከተገኘ ግን ለአንድ ቀን ብቻ ደርሶ መመለስም ይቻላል።

ማፊያ ከዳሬሰላም በትንሽ አውሮፕላን ይደረሳል። በ1995 የተቋቋመ የባሕር ፓርክ አለው፤ ሕዝቡም ቱሪስቱም ጥቂት ነው። አንዳንድ ማረፊያዎች በግቢያቸው ድንኳን ያስተኛሉ። በቾሌ ደሴት ትልልቅ ፍሬ በል የሌሊት ወፎች ዛፍ ላይ ተንጠልጥለው ይውላሉ። ለጤነኛ አዋቂዎችና ለጎረመሱ ልጆች ከሁሉ የምመርጠው ይህንን ነው። ነገር ግን ለከባድ ሕመም ወደ ዳሬሰላም መሄድ ግድ ነው፤ ትንሹ አውሮፕላን ደግሞ ሌሊት እንደ ታክሲ አይጠራም።

አሜሪካ ልጆቻችሁን ልትጠይቁ የምትሄዱ አያቶች አራተኛ ምርጫ አላችሁ። በካሪቢያን ባሕር ያለችው ሴንት ጆን የአሜሪካ ግዛት ናት፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው መሬቷ በ1956 የተቋቋመ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ሲናመን ቤይ በተባለው ባሕር ዳር መጸዳጃና መታጠቢያ ያለው የድንኳን ሰፈር አለ። በትራንክ ቤይ ደግሞ ከባሕሩ ሥር ምልክት የተተከለለት፣ ጀማሪ ተከትሎ የሚዋኝበት መስመር አለ። ወባ የለም። ፓስፖርታችሁን ግን ያዙ፤ ወደ ዋናው አሜሪካ ስትመለሱ ትጠየቃላችሁ።

ባሕሩ ይሸሻል

ሐይቅ ለምደን ያደግን ሰዎች ሳናስበው የሚያልፈን ነገር ይህ ነው። ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። በዛንዚባር በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው ልዩነት ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ 4 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በምሥራቅ በኩል ባለው ዳርቻ ጠዋት ደጃፋችሁ የነበረው ውሃ ከሰዓት በኋላ በሩቁ ይታያል። እስከዚያ ለመድረስ በድንጋይና እንደ ጃርት እሾህ ባለው የባሕር እንስሳ ላይ መራመድ ነው። የመሙያ ሰዓቱን ጠይቃችሁ ፕሮግራማችሁን በዚያ አውጡ። በሴንት ጆን ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ይህ አያሳስብም።

ሌላው፣ ኮራሉ በእግር ተገብቶ ይደረሳል ወይስ ጀልባ ያስፈልጋል? ጀልባ ከሆነ መሰላል አለው ወይ? ወጣት በክንዱ ራሱን ስቦ ይወጣል። ጉልበቷ የሚያማት አያት ያለ መሰላል አትወጣም።

በእኛ የቀን አቆጣጠር መቼ?

ሐምሌና ነሐሴ ለዛንዚባርና ለማፊያ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ወቅት ነው። የደቡቡ ነፋስ ስለሚበረታ በምዕራብ በኩል ያለው ዳርቻ ረጋ ይላል። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ከባድ ዝናብ ስለሆነ አይመከርም። በማፊያ ዌል ሻርክ የሚባለውን፣ ሰው የማይነካውን ግዙፍ ዓሣ ማየት ከፈለጋችሁ ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው፤ ለገና ዕረፍት ይመቻል። ሲሸልስ በሐምሌና በነሐሴ ነፋሻማ ናት፤ ባሕሯ የሚረጋው በሚያዝያና በጥቅምት አካባቢ ነው። ሴንት ጆንን ግን በክረምታችን አታስቧት። ከሰኔ እስከ ኅዳር የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው፤ በ2017 ሁለት ተከታታይ አውሎ ነፋሶች ክፉኛ ጎድተዋታል። ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ መልካም ነው።

ሕመምተኛ ካለ

ሰው ውሃ ውስጥ ሲገባ ደሙ ከእግሩ ወደ ደረቱ ይሰበሰባል፤ ልብም ሥራ ይበዛባታል። የልብ ሕመም ወይም ያልተስተካከለ ግፊት ያለበት ሰው ከሐኪሙ ሳይነጋገር አይግባ። ሁለት ፎቅ ሳያርፍ መውጣት የሚከብደው አያት ከዳር ቁጭ ብሎ ልጆቹን ቢጠብቅ ክብሩ አይቀንስም። አስም ያለበት ልጅ የሚነፋው መድኃኒት ጀልባው ላይ ይሁን፤ ያፈነው ቀን አይግባ።

ስኳር ያለበት ሰው ያለ ውሃ ጫማ አንድ እርምጃ እንዳይራመድ። ስሜቱ የቀነሰ እግር ሲቆረጥ አያውቀውም፤ የኮራል ቁስል ደግሞ ቶሎ ያመረቅዛል። በንጹሕ ውሃና በሳሙና አጥባችሁ በየቀኑ እዩት። ኢንሱሊን በሻንጣ ወደ አውሮፕላኑ ሆድ አይጫን፤ ሊቀዘቅዝና ሊበላሽ ይችላል። ቀን የጋለ ድንኳን ውስጥም አይቀመጥ። ፍሪጅ ከሌለ ውሃ ያራሱት የሸክላ ዕቃ በጥላ ሥር ይረዳል።

እሾህ ያለው የባሕር እንስሳ ወይም መርዛማ ዓሣ ቢወጋ፣ የተወጋውን እግር ሰው በሚችለው ልክ በሞቀ ውሃ ውስጥ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ መንከር ሕመሙን ያስታግሳል። የውሃውን ሙቀት ያልተወጋ ሰው በእጁ ይለካው። ከዚያ ወደ ሐኪም ሂዱ። ለፀሐይ ደግሞ ከቅባት ይልቅ ረጅም እጅጌ ያለው የዋና ልብስ ይሻላል፤ ለኮራሉም የተሻለ ነው። የሚሰምጥ ልጅ አይጮኽም። ስለዚህ ላይፍ ጃኬት ለእያንዳንዱ ልጅ፣ ለእያንዳንዱም ልጅ ዓይኑን የማይነቅል አንድ አዋቂ።

እኛ የወሰንነው

ልጄ ማፊያ ብላ ነበር፤ የድንኳኑ ነገር ስቧት። ባለቤቴም «በእኔ ምክንያት ልጆቹ አይቅሩ፣ እኔ ቤት እቀመጣለሁ» አለ። ይህን ማንም አልተቀበለውም። አያት የሌለበት ጉዞ ለልጆቹ ሌላ ጉዞ ነው። ልጄ ለሁለት ሳምንት ያህል ቅር አላት፤ በስልክም አጠር አጠር እያደረገች ነበር የምታወራው። በመጨረሻ ሁለቱን ነገር ለየነው። ድንኳኑን ላንጋኖ እንተክላለን፤ ሦስት ሌሊት፣ መኪናችን አጠገባችን፣ አጎበር ይዘን፣ ምክንያቱም እዚያም ወባ አለ። ልጆቹ መነጽሩንና ቱቦውን አስቀድመው በአዲስ አበባ መዋኛ ይለማመዳሉ። ከዚያ ወደ ዛንዚባር። ማደሪያችን ሆስፒታል ቅርብ በሆነበት በከተማው በኩል፣ ቹምቤ ደግሞ ለአንድ ቀን። በጆዛኒ ጫካ ቀይ ጉሬዛም እናያለን። ማፊያ ልጆቹ ሲያድጉ ይደረስበታል።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

የሚከተሉትን ለማረፊያው በስልክ ወይም በጽሑፍ ጠይቁ። በግልጽ ካልመለሱላችሁ ሌላ ፈልጉ።

• ሌሊት ሰው ቢታመም በምን ይጓጓዛል? ሐኪም ያለበት ቦታ ስንት ሰዓት ይወስዳል?
• ድንኳን በሕግ ይፈቀዳል? ጠባቂ፣ መጸዳጃና የሚጠጣ ውሃ አለ?
• በምንሄድባቸው ቀናት ባሕሩ በስንት ሰዓት ይሞላል?
• በልጅ ልክ ላይፍ ጃኬት አለ? ጀልባው መሰላል አለው?
• ለመድኃኒት የሚሆን ፍሪጅ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል?
• የጉዞ ኢንሹራንስ ያስፈልጋል? ዛንዚባር ለሚገባ የውጭ ጎብኚ ግዴታ አድርጋዋለች። ቀድሞ የነበረ ሕመምን ይሸፍን እንደሆነ ውሉን አንብቡ።

መድኃኒታችሁን ለሁለት ተጨማሪ ሳምንት የሚበቃ ያዙ፤ ግማሹ በእናንተ የእጅ ቦርሳ፣ ግማሹ በሌላ የቤተሰብ አባል የእጅ ቦርሳ ይሁን። የሐኪም ማዘዣውን ቅጂም አትርሱ።