ኢትዮጵያ በስኪ ስፖርት ያላት ተሳትፎ እና አገርን ለመወከል የሚጠየቁ መስፈርቶች

ኢትዮጵያ በክረምት ኦሎምፒክ በስኪ ስፖርት የተወከለችው እ.ኤ.አ. በ2006 በጣሊያን ቱሪን እና እ.ኤ.አ. በ2010 በካናዳ ቫንኩቨር በተካሄዱት ጨዋታዎች ነው። በሁለቱም ጊዜ የተወዳደረው አንድ ስፖርተኛ ብቻ ነበር። ይህ ጽሑፍ የተመዘገበውን ውጤት፣ ተሳትፎው ውስን የሆነበትን ምክንያት እንዲሁም በውጭ አገር በስኪ ስፖርት የሚሠለጥኑ ወጣቶችና ወላጆቻቸው አስቀድመው ሊያውቋቸው የሚገቡ የዜግነት ጉዳዮችን ያብራራል።

የስኪ ውድድር ዘርፎች

የአልፓይን ስኪ ተወዳዳሪ ከተራራ ቁልቁል በከፍተኛ ፍጥነት እየተንሸራተተ፣ በመስመሩ ላይ በተተከሉ ምልክቶች መካከል ያልፋል። ስላሎም፣ ጃይንት ስላሎም፣ ሱፐር ጂ እና ዳውንሂል የዚህ ዘርፍ ውድድሮች ናቸው። የአገር አቋራጭ ስኪ ግን በሜዳ፣ በዳገትና በቁልቁለት ረጅም ርቀት የሚሸፈንበት፣ ጽናትን የሚጠይቅ ውድድር ነው። ለዚህኛው ዘርፍ ጎማ በተገጠመለት ስኪ በአስፋልት ላይ ልምምድ ማድረግ ይቻላል። አልፓይን ግን በረዶ የለበሰ ተዳፋት ስለሚፈልግ በረዶ በሌለበት አገር ሆኖ ለመዘጋጀት እጅግ አዳጋች ነው። የኢትዮጵያ ተሳትፎም በአገር አቋራጭ ዘርፍ የተወሰነ ነው።

በአልፓይን ዘርፍ ከአፍሪካ አገሮች መካከል ሴኔጋል እ.ኤ.አ. በ1984 በሳራዬቮ በላሚን ጌይ ተወክላለች። ኤርትራም በሻነን አበዳ አማካይነት በጃይንት ስላሎም እ.ኤ.አ. በ2018 61ኛ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ 39ኛ ደረጃ አግኝታለች።

የኢትዮጵያ ውጤት

የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የክረምት ኦሎምፒክ ተወዳዳሪ ሮቤል ተክለማርያም ነው። በአዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል የስኪ ስፖርትን የተማረው በልጅነቱ በሄደባት በአሜሪካ ሲሆን፣ ለኢትዮጵያ ለመወዳደር ሲነሣ የአገሪቱን የስኪ ፌዴሬሽን ራሱ መሥርቷል። በቱሪን በ15 ኪሎ ሜትር ክላሲክ 83ኛ፣ በቫንኩቨር በ15 ኪሎ ሜትር ነፃ ስልት 93ኛ ሆኖ ጨርሷል። ለ2014ቱ የሶቺ ጨዋታዎች የሚያበቃውን መስፈርት ባለማሟላቱ ኢትዮጵያ አልተወከለችም። በ2018 እና በ2022 በተካሄዱት ጨዋታዎችም ተወዳዳሪ አልነበራትም።

እነዚህ ደረጃዎች ዝቅተኛ ቢመስሉም፣ ወደ መነሻው መስመር መድረስ በራሱ ማጣሪያ የሚታለፍበት ነው።

ማጣሪያው እንዴት ይሠራል?

ዓለም አቀፉ የስኪና ስኖውቦርድ ፌዴሬሽን ለተወዳዳሪዎች ነጥብ ይሰጣል። ከሩጫ ደረጃ ሰንጠረዥ በተለየ፣ በዚህ አሠራር ትንሽ ነጥብ ያለው የተሻለ ነው፤ ተወዳዳሪው ከአሸናፊው በዘገየ መጠን ነጥቡ ይጨምራል። ለ2022ቱ የቤጂንግ ጨዋታዎች አንድ የስላሎም ወይም የጃይንት ስላሎም ተወዳዳሪ ቢያንስ አማካይ ነጥቡ ከ160 ያልበለጠ እንዲሆን ተጠይቆ ነበር። ነጥቡ የሚገኘው ፌዴሬሽኑ በሚያውቃቸው ውድድሮች ብቻ በመሆኑ፣ ስፖርተኛው በብሔራዊ ፌዴሬሽን በኩል መመዝገብ አለበት። ለኦሎምፒክ የሚያስመዘግበው ደግሞ የአገሪቱ ኦሎምፒክ ኮሚቴ ነው።

የዜግነት መስፈርት

በኦሎምፒክ ቻርተር አንቀጽ 41 መሠረት ተወዳዳሪው የሚወክለው አገር ዜጋ መሆን ይኖርበታል። ቀደም ሲል ሌላ አገር ወክሎ ተወዳድሮ ዜግነቱን የለወጠ ስፖርተኛም፣ በመርሕ ደረጃ ከመጨረሻው ውድድሩ በኋላ ሦስት ዓመት መጠበቅ ይጠበቅበታል።

በኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ዜግነቱን ያጣል። በውጭ አገር በመወለዱ ወይም ከወላጆቹ አንዱ የውጭ ዜጋ በመሆኑ ምክንያት ሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅም፣ አካለ መጠን ካደረሰ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ሌላኛውን ዜግነት ትቶ የኢትዮጵያ ዜግነቱን ይዞ ለመቀጠል መምረጡን ካላሳወቀ፣ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል።

በተለምዶ «ቢጫ ካርድ» የሚባለው የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ ያለ ቪዛ ወደ አገር መግባትን ጨምሮ በርካታ መብቶችን ያስገኛል። ሆኖም ባለቤቱን የኢትዮጵያ ዜጋ አያደርገውም፤ ስለሆነም ብቻውን በኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ለመወከል አያበቃም።

ወላጆችና ወጣቶች ሊያስተውሉት የሚገባ

በአልፓይንም ሆነ በአገር አቋራጭ ዘርፍ ነጥብ ለመሰብሰብ ዓመታት ይፈጃል፤ ዜግነትን የመምረጫው ጊዜ ግን አንድ ዓመት ብቻ ነው። ልጁ በሥልጠና ላይ ሳለ ጊዜው ካለፈ፣ ያገኘው ነጥብ የዜግነትን ጥያቄ አይመልስም። ዜግነቱን ያጣ ሰው መልሶ ማግኘት የሚችለው መኖሪያውን በኢትዮጵያ ሲያደርግ፣ የያዘውን የውጭ ዜግነት ሲተውና ለሚመለከተው አካል ሲያመለክት ነው።

በሌላ በኩል የውጭ ዜግነትን መተው የመኖሪያ፣ የትምህርትና የሥራ መብትን ሊነካ ስለሚችል፣ ቤተሰቡ ውሳኔውን በሁለቱም አገሮች ሕግ መዝኖ ሊወስን ይገባል። በመሆኑም ወላጆች ልጁ 18 ዓመት ከመሙላቱ በፊት የልደት ማስረጃውንና የወላጆችን የዜግነት ማስረጃ በማዘጋጀት፣ በሚኖሩበት አገር በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ጽሕፈት ቤት በኩል ስለ ዜግነቱ ሁኔታ መጠየቅ ይኖርባቸዋል።