ከዶማው በፊት ጥያቄው፦ የዜግነት ትምህርትና የተማሪዎች የማኅበረሰብ አገልግሎት

በየአጥቢያው ከትምህርት ቤቶች ጋር የሚደረግ የልማት ትብብር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በደብዳቤ ነው። ሰበካ ጉባኤው ወይም ቀበሌው የሰው ኃይል ሲያስፈልገው ለርእሰ መምህሩ ይጽፋል፤ ርእሰ መምህሩ ቀን ይቆርጣል፤ ተማሪዎችም ዶማና አካፋ ይዘው ይወጣሉ። ሥራው በግማሽ ቀን ይጠናቀቃል፤ ምስጋና ይቀርባል፤ ሁሉም ወደየቤቱ ይመለሳል። በጎ ሥራ መሠራቱን አንክድም። ነገር ግን ተማሪው ለምን እንደ ተጠራ፣ ቦታው ለምን እንደ ተመረጠ፣ ሥራውም በኋላ ከምን እንደ ደረሰ ሳያውቅ ከተመለሰ፣ ጉልበቱን ሰጠ እንጂ የዜግነት ትምህርት ተማረ ለማለት ያስቸግራል። በዚህ ጽሑፍ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነትና የሰበካ ጉባኤያትን ድርሻ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ትምህርቱ የሚጠይቀው

በ1986 ዓ.ም. የወጣውን የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከትሎ የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት በትምህርት ቤቶቻችን ለረጅም ዓመታት ሲሰጥ ቆይቷል። መማሪያ መጻሕፍቱ ከተዋቀሩባቸው 11 እሴቶች መካከል የሕግ የበላይነት፣ ፍትሕ፣ ኃላፊነት፣ ታታሪነትና ቁጠባ ይገኛሉ፤ ንቁ የማኅበረሰብ ተሳትፎም ራሱን ችሎ አንድ ምዕራፍ ተሰጥቶታል። ከዚያ ወዲህ በተሻሻለው ሥርዐተ ትምህርት በታችኛዎቹ ክፍሎች ግብረ ገብ፣ ከፍ ባሉት ደግሞ የዜግነት ትምህርት ይሰጣል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ልብ ልንለው የሚገባው «ንቁ» የሚለውን ቃል ነው። ንቁ ተሳትፎ ማለት ችግሩን መመርመር፣ አማራጮችን ማመዛዘን፣ በውሳኔ ድምፅ ማሰማት፣ የተወሰነውን መፈጸም፣ በመጨረሻም ውጤቱን መመዘን ነው። የቀን ሥራ ከእነዚህ አንዱ፣ ያውም አራተኛው ብቻ ነው።

ለቤተ ክርስቲያን አዲስ ያልሆነ ትምህርት

ይህ አካሄድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደ ተመዘገበው፣ በዕለት ዕለቱ የማዕድ አገልግሎት መበለቶቻችን ተዘነጉ የሚል ማጉረምረም በተነሣ ጊዜ ሐዋርያት አቤቱታውን አልናቁትም፤ መፍትሔውንም ብቻቸውን አልወሰኑም። ማኅበሩን ጠርተው መስፈርቱን አስረዱ፤ ሰባቱን አገልጋዮች ማኅበሩ መረጠ፤ ሐዋርያትም እጃቸውን ጭነው ሾሙአቸው። ችግርን መስማት፣ በጋራ መመካከር፣ ኃላፊ መምረጥ፣ ማገልገል፦ ቅደም ተከተሉ ይህ ነበር። ዲያቆን የሚለው ስም ራሱ በግሪክኛ አገልጋይ ማለት ነው።

በቃለ ዓዋዲው መሠረትም ካህናትና ምእመናን ብቻ ሳይሆኑ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም በሰበካ ጉባኤ ይወከላሉ። ወጣቱን በምክር ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ እንግዲህ የራሳችን ሥርዐት ነው።

በሀገራችን ታሪክ ተማሪዎች ለማኅበረሰብ አገልግሎት በብዛት የተሠማሩባቸው ጊዜያት ነበሩ። በ1950ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት፣ አብዛኞቹም በማስተማር፣ በክፍለ ሀገር ያገለግሉ ነበር። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ደግሞ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘምተዋል። ሁለቱም ብዙ ወጣቶችን ከገጠሩ ሕይወት ጋር አስተዋውቀዋል። ሆኖም የት እና ለምን እንደሚያገለግሉ በዋናነት የተወሰነው ከበላይ ነበር። በአንድ አጥቢያ ውስጥ ግን ይህን ማስተካከል በእጃችን ነው።

አንድ ምሳሌ፦ ምንጭና ችግኝ

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በብዙ አጥቢያዎች የሚያጋጥም ሁኔታ እንውሰድ። መንደሩ የሚቀዳበት ምንጭ በበጋ ይቀንሳል፤ ከበላዩ ያለው መሬት ተራቁቷል። በተለመደው መንገድ ተማሪዎች በሰኔ መጨረሻ ተጠርተው ችግኝ ይተክላሉ። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ መስከረም ሲብት ስለ ችግኙ የሚጠይቅ የለም፤ በበጋው ከብት ይበላዋል ወይም ይደርቃል። በቀጣዩ ሰኔ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ይተከላል። ልጆቹ ከዚህ የሚማሩት የሕዝብ ሥራ ለይስሙላ የሚሠራ መሆኑን ነው፤ ይህም ከችግኙ መድረቅ የከፋ ጉዳት ነው።

ያው ሥራ በዜግነት ትምህርት መልክ ቢሠራ ሦስት ደረጃዎች ይኖሩታል።

የመጀመሪያው ጥናት ነው። በጥቅምት ወይም በኅዳር ተማሪዎች በቡድን ሆነው አንድ ጀሪካን ለመሙላት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ይለካሉ፤ በየካቲት ደግመው ይለኩና ያነጻጽራሉ። ውኃ የሚቀዱ እናቶችንና እኅቶችን፣ ስለ ቀድሞው ደን የሚያስታውሱ አረጋውያንን፣ በዚያ መሬት የሚያግዱ እረኞችን ይጠይቃሉ።

ሁለተኛው ምክክር ነው። እውነተኛው የዜግነት ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ቦታው ቢከለል ግጦሽ የሚያጣው ማን ነው? ሣሩን አጭዶ ለመውሰድ ተራው እንዴት ይደልደል? ቶሎ ደርሶ ገንዘብ የሚያስገኘው ባሕር ዛፍ ይተከል ወይስ ውኃውን የማይሻማ ሀገር በቀል ዛፍ? ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ራሳቸው እረኞች ስለ ሆኑ ጥያቄው የመጽሐፍ ብቻ አይሆንም። የደረሱበትን ሐሳብ በተማሪዎች መማክርት በኩል ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት፣ ለውኃ ኮሚቴውና ለቀበሌው ያቀርባሉ። ሽማግሌዎች ሐሳቡን ባይቀበሉት እንኳ ምክንያቱን ለልጆቹ ማስረዳት ይገባቸዋል፤ ያለ ምክንያት የተጣለ ሐሳብ ዳግመኛ እንዳይናገሩ ያስተምራቸዋልና።

ሦስተኛው አፈጻጸምና ምዘና ነው። ከተከላው በኋላ ለክረምቱ ጠባቂ ይመደባል፤ በመስከረም የጸደቀው ችግኝ ይቆጠራል፤ በግንቦት ዳግመኛ ይቆጠራል። ከተተከለው ግማሹ ቢደርቅ ምክንያቱ ይመረመራል፤ ውጤቱም በሰልፍ ላይ ወይም በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ይነገራል። ውድቀቱንም ሳይደብቁ መናገር የኃላፊነት ትምህርት ነው።

ልንጠብቃቸው የሚገቡ ድንበሮች

ሰበካ ጉባኤያት ከመንግሥት ትምህርት ቤት ጋር ሲሠሩ ሁለት ነገሮችን በጥንቃቄ ማየት አለባቸው። የመጀመሪያው የእምነት ነፃነት ነው። የኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ መሰጠት እንዳለበት ይደነግጋል። በክፍሉ ውስጥ የሌላ እምነት ተከታይ ልጆችም አሉ። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን አጥር ማጠርና የቅጽረ ግቢ ጽዳት በሰንበት ትምህርት ቤትና በማኅበራት በኩል ይሠራ፤ የክፍሉ አገልግሎት ግን ሁሉም በሚጠጣው ምንጭ፣ ሁሉም በሚሄድበት መንገድ፣ በራሱ በትምህርት ቤቱ ግቢ ላይ ይሁን። ጌታችን በምሳሌ ያስተማረን ደጉ ሳምራዊም የቆሰለውን ሰው ያነሣው ወገኑን ጠይቆ አይደለም።

ሁለተኛው የልጆች ደኅንነት ነው። አንቀጽ 36 ሕፃናትን ከጉልበት ብዝበዛና ለትምህርታቸው፣ ለጤናቸው፣ ለደኅንነታቸው ጎጂ ከሆነ ሥራ ይጠብቃል። ጥልቅ ጉድጓድ መቆፈር፣ ከባድ ድንጋይ ማንሣት፣ ኬሚካል መንካት የአዋቂዎች ሥራ ነው። ቤቷ ውኃ የመቅዳት ግዴታ ያለባት ልጅ ከሌሎቹ እኩል እንድትሳተፍ ሰዓቱ በትምህርት ጊዜ ውስጥ ቢሆን ይመረጣል።

ሰበካ ጉባኤው ምን ሊያደርግ ይችላል?

ድርሻችን ከምናስበው በላይ ነው። በብዙ አካባቢዎች ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ዋንዛ ተጠብቀው የቀሩት በአድባራትና ገዳማት ደን ውስጥ ስለ ሆነ ዘሩን ለትምህርት ቤቱ የችግኝ ጣቢያ መስጠት እንችላለን። የዛፎቹን ስምና ጠባይ የሚያውቁ አባቶች ልጆቹ ሲጠይቋቸው ጊዜ ሰጥተው ሊያስረዱ ይችላሉ። ካህናት ከቅዳሴ በኋላ የተከለለው ቦታ እንዲከበር ምእመናንን ሊመክሩ፣ ዕድሮችና ማኅበራትም የክረምቱን ጥበቃ ተራ ሊይዙ ይችላሉ።

ከሁሉ በፊት ግን ደብዳቤያችን ይለወጥ። «በዚህ ቀን ይህን ያህል ተማሪ ይላክልን» ከማለት ይልቅ «ይህ ችግር አለብን፤ ተማሪዎቻችሁ አጥንተው ሐሳባቸውን ቢያቀርቡልን ለመስማት ዝግጁ ነን» ብለን እንጻፍ። ደብዳቤውም በሰኔ ሳይሆን በመስከረም ይድረስ። በዚያን ጊዜ የሚመጡልን ልጆች የሚሠሩትንና የሚሠሩበትን ምክንያት የሚያውቁ ይሆናሉ፤ ነገ በየኮሚቴው የሚተኩንም እነርሱ ናቸው።