በሊኑክስ ኮምፒዩተሮች የይለፍ ቃል መለጠፍ ለምን ያስቸግራል?

በሊኑክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚገለገሉ ሰዎች ከሌላ ቦታ የገለበጡትን የይለፍ ቃል በመጠየቂያው ሳጥን ላይ ለመለጠፍ ሲሞክሩ ሳይሳካላቸው የሚቀርበት ጊዜ አለ። ችግሩ በአብዛኛው ከኮምፒዩተሩ ብልሽት ሳይሆን ከሲስተሙ አሠራር የሚመነጭ ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት እ.ኤ.አ በ1987 ይፋ የሆነው ኤክስ 11 የተባለው የመስኮት ሥርዓት ሁለት የቅጂ ማቆያዎች ያሉት መሆኑ ነው። አንደኛው በማውስ የተመረጠን ጽሑፍ ወዲያውኑ ይዞ በማውሱ የመሐል ቁልፍ የሚለጥፍ ሲሆን፣ ሌላው ጽሑፍ የሚይዘው የኮፒ ትዕዛዝ ሲሰጠው ነው። በአንዱ የያዘውን ከሌላው የሚፈልግ ተጠቃሚ ቀድሞ የተገለበጠ ሌላ ጽሑፍ ሊለጥፍ ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት የተርሚናል አሠራር ነው። በተርሚናል ውስጥ የኮንትሮልና የሲ ቁልፎች በሥራ ላይ ያለውን ፕሮግራም የሚያቋርጡ በመሆናቸው፣ በብዙዎቹ ተርሚናሎች ለመለጠፍ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቪ በአንድነት መጫን ይኖርባቸዋል። ሱዶ የተባለው ትዕዛዝ የይለፍ ቃል ሲቀበል ብዙውን ጊዜ በስክሪኑ ላይ ምንም ምልክት ስለማያሳይ፣ የተለጠፈው ቃል ያልገባ ይመስላል።

ሦስተኛው ምክንያት ሆን ተብሎ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው። በኤክስ 11 ማንኛውም ፕሮግራም የቅጂ ማቆያውን ማንበብ ይችላል። በመሆኑም አንዳንድ መጠየቂያዎች ኪቦርዱን ለብቻቸው ይይዛሉ፤ ኪፓስ ኤክስሲ የተባለው የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ደግሞ የተገለበጠውን ቃል በመደበኛ አሠራሩ ከ10 ሰከንድ በኋላ ያጠፋል። እ.ኤ.አ በ2008 የተጀመረው ዌይላንድ በአመዛኙ ማቆያውን እንዲያነብ የሚፈቅደው ተጠቃሚው እየሠራበት ላለው መስኮት ብቻ ነው።

ይሁንና መለጠፍን መከልከል የራሱ ጉዳት አለው። ረጅም ቃል በእጅ መጻፍ የሰለቸው ሰው አጭርና በቀላሉ የሚገመት ቃል ይመርጣል። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ በ2017 ባወጣው መመሪያ የይለፍ ቃል መለጠፍ እንዲፈቀድ የመከረውም ተጠቃሚዎች የይለፍ ቃል ማስቀመጫዎችን እንዲጠቀሙ ለማመቻቸት ነው።

ተጠቃሚዎች ከመለጠፋቸው በፊት መጠየቂያው መከፈቱን ሊያረጋግጡ ይገባል። በስህተት በትዕዛዝ መስመር ላይ ተለጥፎ የተላከ ቃል በትዕዛዞች መዝገብ ውስጥ ሊቀር ስለሚችል፣ ይህ ሲያጋጥም የይለፍ ቃሉን ሳይውሉ ሳያድሩ መለወጥ ያስፈልጋል።