የዩኤስቢ ሞደም በሊኑክስ ኮምፒዩተር ላይ ስለሚሠራበት መንገድ (በቡልቡላ ከተማ የተደረገ ጥናት)

ቡልቡላ ከባቱ፣ በቀድሞ ስሟ ከዝዋይ፣ በስተደቡብ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። በስሟ የሚጠራው ወንዝ ከዝዋይ ሐይቅ ወጥቶ ወደ አብያታ ይወርዳል። መንገደኛው ግራርና አቧራዋን ብቻ አይቶ ያልፋታል። ይሁን እንጂ በ2013 ዓ.ም. የተቀናጀው የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀባት ከተማ እንደ መሆኗ፣ ሥራ ፈልጎ ማመልከቻ የሚያስጽፍ ወጣት አይጠፋባትም። ማመልከቻውም፣ የትምህርት ማስረጃውም፣ የብሔራዊ ፈተናው ውጤትም ዛሬ በአብዛኛው የሚሄደውና የሚመጣው በኢንተርኔት ነው። የዚህ ሁሉ በር የሚከፈተው በኮፒ ቤቱ ኮምፒዩተር ሲሆን፣ ኮምፒዩተሩ ከመረብ ጋር አልገናኝ ያለ ዕለት ሥራ ፈላጊው የመኪና ገንዘብ ከፍሎ ወደ ባቱ ይሄዳል፤ ገንዘብ የሌለው ደግሞ የማመልከቻው ቀን ያልፈዋል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ጉዳይ ለአንዳንዱ አንባቢ ጥቃቅን ቢመስለውም እኔ የተነሣሁበት ምክንያት ይህ ነው።

በእነዚህ ቤቶች የሚገኙት ኮምፒዩተሮች በአብዛኛው ያረጁ ናቸው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚያደርገውን ጥገና እ.ኤ.አ. በ2020፣ ለዊንዶውስ 10 ያደርግ የነበረውን ነፃ ጥገና ደግሞ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 አቁሟል፤ አዲሱ ዊንዶውስ 11 ደግሞ አሮጌ መሣሪያ አይቀበልም። ከዚህ የተነሣ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑክስ ለእንደዚህ ያለው ኮምፒዩተር ጥሩ መጠጊያ ሆኗል። ዋጋ አይጠየቅበትም፤ ከደንበኞች ፍላሽ የሚዛመተው የዊንዶውስ ቫይረስም አያስቸግረውም። የሚያስቸግረው አንድ ነገር ግን አለ፤ እርሱም በዊንዶውስ ላይ ወዲያው ይሠራ የነበረው የዩኤስቢ ሞደም በሊኑክስ ላይ ሲሰካ ዝም ማለቱ ነው።

በቡልቡላ ያነጋገርኋቸው አንድ የኮፒ ቤት ባለቤት ነገሩን ባጭሩ ገለጹልኝ። «ልጄ፣ እኔ ሞደም ብዬ ሰክቼ እርሱ ሲዲ ነኝ ይለኛል። ሲዲስ የት አለው?» አሉ። ጥያቄያቸው ከሊቅ ጥያቄ አያንስም፤ ምሥጢሩ ያለው በትክክል እዚያ ላይ ነውና።

ሞደሙ በውስጡ ሁለት ነገሮችን ይዟል። አንደኛው ሲም ካርድ ተቀብሎ ከቴሌ ማማ ጋር በሬዲዮ የሚነጋገረው ክፍል ነው። ሁለተኛው ትንሽ ማከማቻ ሲሆን፣ ለዊንዶውስ የሚያስፈልገው ፕሮግራም የተቀመጠው በእርሱ ላይ ነው። ሠሪዎቹ ከሞደሙ ጋር ሲዲ ከማሸግ ለመዳን ሲሉ ሞደሙ ራሱ መጀመሪያ የሲዲ ማጫወቻ መስሎ እንዲቀርብ አደረጉት። ዊንዶውስ «ሲዲ» ገባልኝ ብሎ ይከፍተዋል፤ ፕሮግራሙን ከላዩ ይጭናል፤ የተጫነው ፕሮግራም ደግሞ ለመሣሪያው አንዲት አጭር መልእክት ይልካል። መሣሪያው መልእክቷን ሲሰማ ራሱን ከኮምፒዩተሩ ላይ ነቅሎ እንደገና የሚገባ ያህል ይሆንና በሁለተኛው መልኩ፣ ማለት በሞደምነቱ፣ ይገለጣል። በሊኑክስ ላይ ግን ያ የዊንዶውስ ፕሮግራም ስለማይሠራ መልእክቷን የሚልክ አይኖርም። ስለዚህ መሣሪያው ሲዲ እንደ መሰለ ይቀራል። ሞደሙ አልተበላሸም፤ ኮምፒዩተሩም አልተበላሸም፤ የጎደለችው መልእክቷ ብቻ ናት።

ይህን በዐይን ማየት ይቻላል። (ትእዛዞቹ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ስለሆነ እዚህ በድምፃቸው ብቻ አቀርባቸዋለሁ፤ አንባቢው በየፊደላቸው ያውጣቸው።) ኤል-ኤስ-ዩ-ኤስ-ቢ የተባለችውን ትእዛዝ ያለ ሰረዝና ያለ ክፍተት በትንንሽ ፊደል ስንጽፍ፣ በኮምፒዩተሩ ላይ የተሰኩት ነገሮች ሁሉ ይዘረዘራሉ። በእያንዳንዱ ፊት በሁለት ነጥብ የተለዩ ሁለት ባለ አራት ምልክት ቁጥሮች አሉ። የመጀመሪያው የሠሪውን፣ ሁለተኛው የዕቃውን ማንነት ያመለክታል። የሁዋዌ ቁጥር 12ዲ1 ነው፤ የዜድቲኢ 19ዲ2 ነው። ከብዙዎቹ የሁዋዌ ሞደሞች አንዱን ሰክተን ሁለተኛው ቁጥር 1446 ከሆነ መሣሪያው ገና በሲዲ መልኩ እንዳለ እናውቃለን። ጥቂት ሰኮንድ ቆይተን ትእዛዟን ስንደግም የሠሪው ቁጥር ሳይለወጥ የዕቃው ቁጥር ተለውጦ ካገኘነው መልኩን ቀይሯል ማለት ነው። ሰው ስሙን ሳይለውጥ የሥራ መታወቂያውን እንደሚለውጥ ያህል ነው።

መልእክቷን በዊንዶውሱ ፕሮግራም ፈንታ የሚልከው በሊኑክስ ዩኤስቢ-ሞድስዊች የሚባለው ፕሮግራም ነው። የብዙ ዓይነት ሞደሞች ቁጥርና ለእያንዳንዳቸው የሚስማማው መልእክት ተመዝግቦ የሚገኝበት አንድ የመረጃ ጥቅል አብሮት አለ፤ ሁሉም ሞደም በአንድ ዓይነት ቃል አይነቃምና። ለአንዳንዱ «ሲዲው ይውጣ» የሚለው የተለመደ ትእዛዝ ብቻ ይበቃዋል፤ ሌላው ከራሱ ፋብሪካ የወጣ ልዩ ቃል ይፈልጋል። ዩዴቭ የተባለው የሊኑክስ ክፍል እንደ በር ዘበኛ ሆኖ የገባውን ዕቃ ቁጥር ያያል፤ በመዝገብ ካገኘውም ዩኤስቢ-ሞድስዊችን ይጠራል። የኡቡንቱ የዴስክቶፕ እትም ይህን ፕሮግራም አብሮ ይዞ ይመጣል። ቀለል ያሉት፣ ለአሮጌ ኮምፒዩተር የሚመረጡት አንዳንድ የሊኑክስ ዓይነቶች ግን አይዙትም፤ ችግሩም የሚብሰው በእነርሱ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት ያጋጥማል። ፕሮግራሙ የሚገኘው በኢንተርኔት ነው፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ ያለ ፕሮግራሙ አይገኝም። በቡልቡላ የተለመደው መፍትሔ ፋይሉን ከባቱ ወይም ከአዳማ በፍላሽ አስቀድቶ ማምጣት ነው። በዚህ መንገድ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያመጣው አንድ ፋይል ብቻ ሲሆን፣ ሊጭነው ሲል የመረጃው ጥቅልና የሚደገፍባቸው ሌሎች ትንንሽ ፕሮግራሞች አብረው ካልመጡ አይሆንም ይባላል። ከዚህ የሚሻለው ዘዴ በእጃችን ያለ ነው። አንድ የአንድሮይድ ስልክ በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒዩተሩ ጋር አገናኝቶ፣ በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ኢንተርኔትን በዩኤስቢ ማጋራት የሚለውን መክፈት ነው። ሊኑክስ ስልኩን እንደ ተራ የመረብ ካርድ ስለሚቆጥረው ምንም ሳይጫን ይሠራል። ለጥቂት ደቂቃ በዚህ መንገድ ተገናኝቶ የጎደለውን ፕሮግራም መጫን ይቻላል። እንግዲያውስ ሁልጊዜ በስልኩ ለምን አይሠራም? ቢባል፣ ስልኩ ባለቤቱን ተከትሎ ከቤት ይወጣልና ነው። ባለቤቱ ምሳ ሲበላ ደንበኛው ፎርሙን ግማሽ ሞልቶ ይቀራል። ሞደሙ ግን የቤቱ ነው፤ ከቤቱ አይወጣም።

ሞደሙ መልኩን ከለወጠ በኋላ ያለው መንገድ ቀላል ነው። የሊኑክስ ማዕከላዊ ክፍል፣ ከርነል የሚባለው፣ ኦፕሽን በተባለው ነጂ አማካይነት ለሞደሙ ሁለት ሦስት የመነጋገሪያ በሮች ይከፍትለታል፤ ስማቸው ቲቲዋይ-ዩኤስቢ ሆኖ ከ0 ጀምሮ ይቆጠራሉ። ከዚያም ሞደም-ማናጀር የተባለው ፕሮግራም በየበሮቹ እያንኳኳ ማንነቱን ይጠይቃል። የሚጠይቅበት ቋንቋ በጣም የሚያስደንቅ ነው። ትእዛዙ ሁሉ የሚጀምረው ኤ እና ቲ በሚሉ ሁለት ፊደሎች ሲሆን፣ «አዳምጥ» ለማለት የተወሰዱ ናቸው፤ ሄይዝ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 ለስልክ መስመር ሞደም ያወጣው ነው። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ወደ አገራችን ሲገባ በስልክ መስመር እየጮኹ ይገናኙ የነበሩት ሞደሞች የሚታዘዙት በዚሁ ቋንቋ ነበር። በቡልቡላ ኮፒ ቤት የተሰካው ሞደም ገመዱን ትቶ በሬዲዮ ቢሠራም ቋንቋውን አልተወም። ጥያቄና መልሱ ጥቂት ጊዜ ስለሚወስድ፣ ሞደሙን ሰክቶ ወዲያው «የለም» ብሎ መንቀል ተገቢ አይደለም፤ ግማሽ ደቂቃ ያህል መታገሥ ያስፈልጋል። ኤም-ኤም-ሲ-ኤል-አይ የምትባለው ትእዛዝ፣ ክፍተትና አንድ ሰረዝ ትልቁንም ኤል ስናስከትልባት፣ ሞደም-ማናጀር ያወቃቸውን ሞደሞች ትነግረናለች።

ቀጥሎ የሚመጣው የሲሙ የምሥጢር ቁጥር ነው። ሲሙ የተቆለፈ ከሆነ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ መሳሳት ያዘጋዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚከፈተው ፐክ በተባለው ረጅም ቁጥር ነው። እርሱንም አሥር ጊዜ የተሳሳተ ሲሙን ለዘለዓለም ያጣዋል። በተቻለ መጠን ሲሙን አስቀድሞ በተራ ስልክ ውስጥ አስገብቶ ቁልፉን ማንሣት ይሻላል። ሲሙን በስልክ መሞከር ሌላም ጥቅም አለው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በአገሩ ሁሉ ለሦስት ሳምንት ያህል በተቋረጠ ጊዜ እንደ ነበረው፣ መረቡ ራሱ ከሌለ ጤነኛ ሞደምም ምንም ሊያደርግ አይችልምና፣ ጥፋቱ ከኮምፒዩተሩ ይሁን ከውጭ አስቀድሞ ይታወቃል።

ከዚህ በኋላ የመግቢያው ስም ይጠየቃል፤ ኤፒኤን ይሉታል። ለኢትዮ ቴሌኮም የሚጻፈው በትንንሽ የላቲን ፊደል «ኢቲሲ» ነጥብ «ኮም» ነው። የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ባዶ ይተዋሉ፤ የሚደወለው ቁጥር *99# ነው። ኢቲሲ የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን አኅጽሮት ነበር። ኮርፖሬሽኑ በ2003 ዓ.ም. በኢትዮ ቴሌኮም ቢተካም ስሙ በየሞደሙ ውስጥ እስከ ዛሬ ይኖራል፤ የታሪክ ተማሪዎች ይህን ቢመዘግቡት መልካም ነው። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ሁሉም ሲም በአንድ መግቢያ ይገባል ማለት አይቻልም። ሞደሙ የማን መረብ ላይ እንዳለ ከቁጥሩ ይለያል፤ የኢትዮጵያ ቁጥር 636 ሲሆን 01 ሲከተለው ኢትዮ ቴሌኮም፣ 02 ሲከተለው ሳፋሪኮም ነው።

ሁሉ ተስተካክሎ ግንኙነቱ የሚቆራረጥ ከሆነ ከፕሮግራሙ ይልቅ ቤቱን መመርመር ይገባል። የቡልቡላ ሱቆች ጣሪያቸው ቆርቆሮ ነው፤ አንዳንዶቹ ግድግዳቸውም እንዲሁ። ብረት የሬዲዮ ሞገድን ስለሚመልስ፣ ከኮምፒዩተሩ ጀርባ ከጠረጴዛ ሥር የተሰካ ሞደም ከማማው የሚደርሰው ጥቂት ነው። ኃይሉን ሞደሙን ራሱን ጠይቆ ማወቅ ይቻላል፤ መልሱ ከ0 እስከ 31 ባለው ቁጥር ይሰጣል፤ 99 ካለ አላወቅሁም ማለቱ ነው። ቁጥሩን በ2 አባዝተን 113 ስንቀንስለት በዲቢኤም የተለካው ኃይል ይወጣል። ስለዚህ 5 ማለት ከዜሮ በታች 103፣ 15 ማለት ከዜሮ በታች 83 ነው፤ የኋለኛው ከፊተኛው 100 እጥፍ ይበልጣል። በኮፒ ቤቱ ያደረግነው ነገር ሞደሙን በማስረዘሚያ ገመድ ወደ መስኮቱ ማውጣት ብቻ ነበር፤ ቁጥሩ ወዲያው ከፍ አለ። ገመዱ ግን አጭርና ወፍራም መሆን አለበት። ሞደሙ ወደ ማማው በሚያሰማበት ጊዜ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ተራ የዩኤስቢ ቀዳዳ ሊሰጥ የሚገባው 500 ሚሊ አምፒር ነው፤ ቀጭንና ረጅም ገመድ ከዚህ ላይ ይቀንሳል። ሞደሙ ከዝርዝሩ እየጠፋ ተመልሶ የሚመጣ ከሆነ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ስለሆነ፣ ከፊት ካለው ቀዳዳ ነቅሎ ከኋላ ባለው፣ ከዋናው ሰሌዳ ጋር በቀጥታ በተያያዘው ላይ መሰካት ነው።

ሃይሊንክ የሚባለው የሁዋዌ ዓይነት ከዚህ ሁሉ ይለያል። እርሱም እንደ ሌሎቹ መጀመሪያ ሲዲ ይመስላል፤ ቁጥሩም ብዙ ጊዜ 1ኤፍ01 ነው። መልኩን ሲለውጥ ግን ሞደም አይሆንም፤ 14ዲቢ ሆኖ እንደ መረብ ካርድ ይቀርባል። መደወሉን በራሱ ይፈጽማል። የሲሙ ምሥጢርና ኤፒኤን የሚጻፉትም በሊኑክሱ ማስተካከያ ሳይሆን፣ በማሰሻ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 192.168.8.1 ብለን በምንከፍተው በሞደሙ የራሱ ገጽ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው በሞደም-ማናጀር ዝርዝር ውስጥ ሲፈልገው ይውላል። ለጀማሪ የሚቀለው ይህ ዓይነት ነው፤ እኔ ግን ለኮፒ ቤት ፊተኛውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም የገንዘብ ነው።

ሊኑክስ በመረብ ካርድ ሲገናኝ ክፍያው በሜጋባይት እንደሚቆጠር የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ደንበኛው አንዲት ገጽ ማመልከቻ በሚልክበት ሰዓት ኮምፒዩተሩ ከጀርባ የመቶ ሜጋባይቶች ማሻሻያ ያወርዳል፤ ጧት የተገዛው ጥቅል ሳይመሽ ያልቃል፤ ባለቤቱም ሞደሙ ገንዘብ በላ ይላሉ። ይህን ለማስቀረት ግንኙነቱ የሚቆጠር መሆኑን በእጅ መንገር ያስፈልጋል። ኤን-ኤም-ሲ-ኤል-አይ በምትባለው ትእዛዝ «ኮኔክሽን ሞዲፋይ» ብለን፣ የግንኙነቱን ስም ጽፈን፣ «ኮኔክሽን» ነጥብ «ሚተርድ» የሚለውን «የስ» ማድረግ ነው። በኡቡንቱ ላይ ስናፕ የተባለው የፕሮግራም ማከፋፈያ ይህን ምልክት በራሱ አይጠብቅም፤ በሚቆጠር ግንኙነት ላይ ማሻሻያውን እንዲያቆይ እርሱም ለብቻው ይታዘዛል። ማሻሻያው ግን ጨርሶ መተው ስለሌለበት፣ ባለቤቱ በሳምንት አንድ ቀን፣ በተለይም ዋጋው በሚቀንስበት የሌሊት ጥቅል፣ በእጃቸው ቢያስወርዱት ይበቃል።