የሞፈርና የቀንበር ምትክ እንጨት አዘገጃጀት

በደብረ ታቦር ዙሪያና በጉና ተራራ ግርጌ ባሉት የደቡብ ጎንደር ደጋማ ቦታዎች ሞፈር የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ ሥራ በበረታበት ወቅት ነው። በሰኔ ወይም በሐምሌ አንድ ሞፈር ቢሰበር ጥማዱ ሥራ ፈትቶ ይቆማል፤ ጎረቤትም በዚያው ሰሞን ስለሚያርስ የሚያውሰው ዕቃ አይኖረውም። በዚህ ጊዜ ከጓሮ ባሕር ዛፍ ተቆርጦ በዕለቱ የሚጠረብ ርጥብ እንጨት ጥቂት ካገለገለ በኋላ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ምትኩን በበጋ አዘጋጅቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ከእርሻ መሣሪያው ብረት የሆኑት ማረሻውና ወገሉ ናቸው። ሞፈሩ፣ እርፉ፣ ሁለቱ ድግሮችና ቀንበሩ ከእንጨት ይሠራሉ። አንዱ ሲሰበር ሁሉንም መለወጥ አያስፈልግም፤ ነገር ግን አዲሱ ክፍል ከአሮጌዎቹ ጋር በትክክል መግጠም አለበት። የሞፈሩ ጉብጠት ከቀድሞው ከተለየ ማረሻው ወይ ከመጠን በላይ ይቀበራል፣ ወይም መሬቱን ጫር ጫር እያደረገ ያልፋል።

በዚህ ምክንያት የተሰበረውን ሞፈር ወዲያው ለማገዶ ማዋል ተገቢ አይደለም፤ ለአዲሱ መለኪያ የሚሆነው እርሱ ነው። ስብራቱን ገጣጥሞ በገመድ ካሰሩ በኋላ በደልዳላ መሬት ላይ አጋድሞ፣ ጉብጠቱን ተከትሎ በግራና በቀኝ ትንንሽ ችካሎች መትከል ይቻላል። አሮጌው ሲነሣ ቅርጹ በችካሎቹ መካከል ይቀራል። አዲሱን እንጨት እየጠረቡ በዚያ ማስተኛት ነው። የቀዳዳዎቹም ቦታ በዚሁ ላይ ምልክት ይደረግበታል።

እንጨቱ በተፈጥሮው የጎበጠ መሆን አለበት። ቀጥ ያለውን ግንድ በመጥረቢያ ቀርጾ ማጉበጥ ጅማቱን ስለሚቆርጠው ሞፈሩ ከጉብጠቱ ላይ ይሰበራል። ጉጥ የበዛበት፣ እንዲሁም ጅማቱ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ እንጨት መተው አለበት። ዛሬ በአካባቢው በቀላሉ የሚገኘው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቶሎ የሚሰነጠቅ ቢሆንም በጥንቃቄ ከደረቀ ለሞፈር ያገለግላል። ለድግርና ለእርፍ ግን ጠንካራውን ወይራ የሚያህል የለም። ለቀንበር ቀለል የሚለው ዋንዛ ተስማሚ ነው። ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጽድ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ከልክሎ ነበር። ክልከላው ባይኖርም እንኳ ለአንድ ቀንበር ሲባል ትልቅ ዋንዛ መጣል ብክነት ነው፤ አንድ ደህና ቅርንጫፍ ይበቃል።

እንጨቱ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ፣ በኅዳርና በጥር መካከል ቢቆረጥ እስከ ግንቦት የመድረቂያ ጊዜ ያገኛል። ከሚፈለገው ልክ ጥቂት አወፍሮና አስረዝሞ ከጠረቡት በኋላ ሁለቱን ጫፎች በእበት መለሰን ይገባል። ውኃው በጫፎቹ በኩል ፈጥኖ ስለሚወጣ ካልተለሰነ ስንጥቁ ከዚያ ይጀምራል። ከዚያም ከመሬት ከፍ አድርጎ በጥላ ሥር ማስተኛት ነው። ፀሐይ ላይ ማስጣት ወይም እሳት አጠገብ ማቆም ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

ቀዳዳው የሚበሳውና ጫፉ በልክ የሚጠረበው እንጨቱ ከደረቀ በኋላ ነው። ርጥብ እርፍ ማረሻው ውስጥ ጠብቆ ቢገባም ሲደርቅ ስለሚሟሽሽ ማረሻው ይላላል። ይህንን በሽብልቅ ማጥበቅ የተለመደ ነው፤ ሆኖም ሽብልቁ የእንጨቱን ጅማት ወደ ጎን የሚገፋ ከሆነ ይሰነጥቀዋል።

ድግር ሲተካ ሁለቱንም አንድ ላይ መለወጥ ይመረጣል። አንዱ አዲስና ወፍራም፣ ሌላው ያለቀ ከሆነ መሣሪያው ወደ አንድ ወገን ይስባል፤ አራሹም ቀኑን ሙሉ እርፉን ሲታገል ይውላል። በፎገራ ሜዳ ባለው ከባድ ዋልካ ላይ ይህ ጉድለት ይብሳል።

ቀንበሩ ከሻኛው ፊት በበሬው አንገት ላይ ስለሚያርፍ፣ የሚነካው ቦታ ሰፋ ተደርጎ፣ ጠርዙ ክብ ሆኖ መላግ አለበት። ምራኑ ከሚታሰርበት ቦታ እስከ ሁለቱ በሬዎች አንገት ያለው ርቀት በገመድ ይለካ። ርቀቱ እኩል ካልሆነ ለምራኑ የቀረበው በሬ የበለጠውን ሸክም ይስባል። አንዱ በሬ ወይፈን ወይም የከሳ ከሆነ ግን የእርሱን ወገን ሆነ ብሎ ጥቂት ማስረዘም ሸክሙን ያቀልለታል።