የደጋ ቅዝቃዜና የሽንት እፍግታ መለኪያዎች

ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር፣ ነፋስ መውጫ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ደብረ ታቦር ላይ ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሆነ፣ የፈሳሽ መለኪያዎችም በከፍታው ይዛባሉ የሚል ግምት ሊያድር ይችላል። ስፔሲፊክ ግራቪቲ በመባል የሚታወቀውን የሽንት አንጻራዊ እፍግታ በተመለከተ ግን ግምቱ ልክ አይደለም። ዩሪኖሜትር የሚንሳፈፈው የራሱን ክብደት የሚያህል ሽንት ገፍቶ ነውና የአየር ግፊት ማነስ ንባቡን ለሥራ በሚታይ መጠን አይለውጠውም። የሚለውጠው ቅዝቃዜው ነው።

ፈሳሽ ሲቀዘቅዝ እፍግታው ይጨምራል። መሣሪያው የተስተካከለበት ሙቀት፣ ብዙ ጊዜ 20 ዲግሪ፣ በላዩ ተጽፎ ይገኛል። ሽንቱ ከዚያ በታች ሲሆን ለየ3 ዲግሪው ከንባቡ 0.001 ይቀነሳል፤ በላይ ሲሆን ይደመራል። በ100 ሚሊ ሊትር ሽንት ውስጥ ለሚገኝ 1 ግራም ፕሮቲን 0.003፣ ለ1 ግራም ግሉኮስ 0.004 ይቀነሳል። በስትሪፕ ሦስት ፕላስ የሚባለው ፕሮቲን ብዙ ጊዜ 0.3 ግራም ገደማ ስለሆነ እርማቱ እምብዛም አይደለም፤ አራት ፕላስ ሲሆን ግን ሊዘለል አይገባም።

ተቅማጥ ይዞት ሽንቱ ያነሰ ሕሙም ንባቡ 1.019 ነው እንበል። ኩላሊቱ ውኃ እየቆጠበ ይመስላል፤ ስለዚህ ፈሳሽ ይጨመርለታል። ሽንቱ በ11 ዲግሪ ተለክቶ ከሆነና 2 ግራም ፕሮቲን ካለበት ግን 0.003ና 0.006 ሲቀነስ 1.010 ይሆናል። ይህ ኩላሊት ሽንትን ማወፈርም ማቅጠንም ሲሳነው የሚታይ ቁጥር ነው። እንዲህ ላለው ሕሙም ያለ ልክ የሚሰጥ ፈሳሽ ሳንባ ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል።

ሪፍራክቶሜትር የሚለካው የብርሃንን መሰበር ሲሆን አንድ ሁለት ጠብታ ይበቃዋል። ብዙዎቹ የሙቀትን ልዩነት ራሳቸው ያርማሉ ተብሎ ይታመንባቸዋል። ይሁንና የሚያርሙት በተወሰነ ክልል፣ በተለምዶ ከ15 እስከ 38 ዲግሪ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ንጋት ላይ የደጋ ላቦራቶሪ ክፍል ከዚህ በታች ሊወርድ ይችላል። መሣሪያውና ናሙናው ክፍሉ እስኪሞቅ ቢቆዩ፣ በዲስቲልድ ውኃም 1.000 ማንበቡ በየዕለቱ ቢረጋገጥ ችግሩ ይቃለላል። ፕሮቲንና ግሉኮስ ግን የሪፍራክቶሜትርንም ንባብ ስለሚያንሩ እርማታቸው አይቀርም።

ስትሪፕ ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ቅንጣቶችን ብቻ ስለሚያይ ግሉኮስን አይቆጥርም። የሽንቱ ፒኤች 6.5 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ዝቅ አድርጎ ስለሚያነብ 0.005 ይደመርለታል። ንባቡ ከሪፍራክቶሜትሩ በእጅጉ ሲለይ ከሁለቱ አንዱ ተበላሽቷል ብሎ ከመደምደም በፊት ሽንቱ ውስጥ ስኳር፣ ፕሮቲን ወይም ለራጅ የተሰጠ ኮንትራስት መኖሩን ማየት ይቀድማል።